ኤግዚቢቱ ችሎት ከመድረሱ በፊት፦ ለወጣት መርማሪዎች፣ ዐቃብያነ ሕግና ጠበቆች

በዚህ ዓመት ከሕግ ትምህርት ቤት ለምትመረቁ፣ ከሰንዳፋም ወጥታችሁ ወደ ወንጀል ምርመራ ለምትመደቡ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን ከሞላ ጎደል ያሳለፍሁት በወንጀል ችሎት ነው፤ መጀመሪያ በዐቃቤ ሕግነት፣ ኋላ ደግሞ በተከላካይ ጠበቃነት። ከሁለቱም ወገን ቆሜ ደጋግሜ ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር፣ የጦር መሣሪያ በኤግዚቢትነት ችሎት ሲገባ የሰዉ ሁሉ ጥንቃቄ እንደሚላላ ነው። የሰው ምስክር ሲቀርብ ዳኛውም ጠበቃውም ይጠራጠራሉ፤ ከምን ያህል ርቀት አየህ፣ ጨረቃ ነበረች ወይ፣ ከተከሳሹ ጋር ቂም አላችሁ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ሽጉጡ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠና የባለሙያው ጽሑፍ “ከሟች አስከሬን የወጣው አረር የተተኮሰው ከዚህ መሣሪያ ነው” ካለ በኋላ ግን ጠያቂ ይጠፋል። ስለ ብረቱ የሚናገሩት ያነሳው ፖሊስ፣ ያሸገው ኤግዚቢት ክፍል ሠራተኛና በማይክሮስኮፕ ያየው ባለሙያ ናቸው፤ እነርሱም እንደማንኛውም ምስክር የሚያዩትና የሚስቱት ነገር አላቸው። የዛሬው ምክሬ በዚህ ላይ ብቻ ያተኩራል።

ባለሙያው ምን እንደሚያይ ሳታውቁ ልትጠይቁት አትችሉምና ከዚያ ልጀምር። በጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ አረሩን እያሽከረከሩ የሚያስወጡ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ። አረሩ ሲያልፍ የቦዮቹ ብዛት፣ ስፋትና የሚዞሩበት አቅጣጫ በላዩ ላይ ይታተማል። ይህ ግን የፋብሪካው ምልክት ነው፤ በአንድ ዓይነት ንድፍ የተሠሩ መሣሪያዎች ሁሉ ይጋሩታል። ክላሽ አራት ቦዮች አሉት፣ ወደ ቀኝም ይዞራሉ፤ አንድ አረር ባለ 7.62 ሆኖ ወደ ቀኝ የዞሩ አራት የቦይ ምልክቶች ቢገኙበት፣ ያ ግኝት ክላሽ በየቤቱ በተሰቀለበት ወረዳ ተከሳሹን ከጎረቤቶቹ የሚለየው ነገር የለም። ሆኖም “የአረሩ ዓይነት በተከሳሹ እጅ ከተገኘው መሣሪያ ጋር ይጣጣማል” የሚለው ዓረፍተ ነገር በክስ ማመልከቻ ላይ ሲገባ፣ ከዚያም በቃል ክርክር ሲደገም፣ ቀስ በቀስ “ከተከሳሹ መሣሪያ የወጣ ነው” ወደሚል ሲለወጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም፤ እያንዳንዱ ተናጋሪ ቀዳሚው ካለው ላይ ጥቂት ጨመረ እንጂ።

ባለሙያው አንድን መሣሪያ ለይቶ ለመናገር የሚሞክረው ከፋብሪካው ምልክት ቀጥሎ ባሉት ጥቃቅን ጭረቶች ነው። መሣሪያውን ውኃ ወዳለበት ገንዳ ተኩሶ የሙከራ አረር ያገኛል፤ ከዚያ የሙከራውንና ከወንጀሉ ስፍራ የመጣውን በማነጻጸሪያ ማይክሮስኮፕ ጎን ለጎን አስቀምጦ ጭረቶቹ ይገጥሙ እንደሆነ ያያል። በቀለህም ላይ እንዲሁ የመርፌዋን ምት፣ የቀለህ ማውጫውን ጥርስና የኋላውን ግድግዳ አሻራ ያስተያያል። ምን ያህል ጭረት ቢገጥም ይበቃል የሚለውን የሚወስነው ግን በመጨረሻ የባለሙያው ዓይንና ልምድ ነው፤ ሁሉም ላብራቶሪ የሚስማማበት ቁጥር የለም።

ይህ ዘዴ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1929 በቺካጎ የፖሊስ ልብስ በለበሱ ሰዎች ጭምር ሰባት ሰዎች ሲረሸኑ፣ ገዳዮቹ እውነተኛ ፖሊሶች ይሆኑ ወይ የሚል ጥርጣሬ ከተማውን አምሶት ነበር። ካልቪን ጎዳርድ የተባለው ባለሙያ የፖሊሶቹን ቶምሰን መሣሪያዎች ተኩሶ አነጻጽሮ አረሮቹ ከእነርሱ እንዳልወጡ አሳየ፤ በኋላም ሚሺጋን ውስጥ በአንድ ወሮበላ ቤት የተገኙት ሁለት ቶምሰኖች ከስፍራው ከተሰበሰቡት ጋር ገጠሙ። “ከዚህ አልወጣም” ማለት ብዙ ጊዜ “ከዚህ ብቻ ነው የወጣው” ከማለት ይቀላል፤ የቦዮቹ ቁጥር ካልተስማማ ነገሩ ያበቃለታልና። ይህን ልዩነት በልባችሁ ያዙት፤ ቀጥዬ የማነሳው ጉዳይ ይህ ልዩነት ሲዘነጋ የሚደርሰውን ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በበርሚንግሃም አካባቢ፣ ሁለት የምግብ ቤት ኃላፊዎች በየተራ በዘረፋ ተገደሉ። ያየ ምስክር አልነበረም፤ አሻራም አልተገኘም። በሐምሌ ወር ሌላ የምግብ ቤት ኃላፊ በተመሳሳይ መንገድ ተተኩሶበት ቆስሎ ተረፈና ከፎቶግራፎች መካከል አንቶኒ ሬይ ሂንተን የተባለ የ29 ዓመት ወጣት መረጠ። ሂንተን በዚያ ሰዓት ከስፍራው ርቆ በሚገኝ፣ ገቢና ወጪው በሚመዘገብበት መጋዘን በሌሊት ፈረቃ ላይ እንደነበረ ተናገረ። ፖሊስ ከእናቱ ቤት አሮጌ ባለ 38 ሪቮልቨር ወሰደ። የመንግሥቱ ባለሙያዎችም ከሦስቱ ጥቃቶች የተሰበሰቡት ስድስቱም አረሮች ከዚያ ሪቮልቨር መተኮሳቸውን መሰከሩ። ከሁለቱ ግድያዎች ጋር ያገናኘው ይህ ብቻ ነበር። የሞት ፍርድ ተፈረደበት።

ወጣት ጠበቆች ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። የሂንተን ተከላካይ ጠበቃ በፍርድ ቤት የተመደበለት ነበር። አረሮቹን የሚመረምርለት ባለሙያ ሲፈልግ ሕጉ የሚፈቅድለት ከፍተኛው ገንዘብ 1,000 ዶላር ነው ብሎ አመነ፤ ሕጉ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ተሻሽሎ ለተገቢ ወጪ ሁሉ በር ከፍቶ ነበር። ጠበቃው የሚችል ባለሙያ አለመሆኑን እያወቀ፣ በዚያ ገንዘብ የሚመጣለትን አንድ ሰው አቀረበ። ሰውየው አንድ ዓይኑ ብቻ የሚያይ፣ በማይክሮስኮፑ አጠቃቀምም የተቸገረ ነበርና ዐቃቤ ሕጉ በመስቀለኛ ጥያቄ አፌዘበት፤ “አረሮቹን ከዚህ መሣሪያ ጋር ማገናኘት አይቻልም” ያለውንም ከተራ ዜጎች የተውጣጣው የዳኝነት ጉባኤ (ጁሪ) አልሰማውም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሦስት ባለሙያዎች አረሮቹን ከሪቮልቨሩ ጋር ማገናኘት እንደማይቻል መሰከሩ፤ አንደኛው የኤፍ ቢ አይ የመሣሪያ ምርመራ ክፍል ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። ሂንተን ግን ከዚያም በኋላ ከሞት ፍርደኞች ክፍል አልወጣም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2014 ጠበቃው ሕጉን ባለማወቁ የሰጠው መከላከል ጉድለት እንደነበረበት ከወሰነ በኋላ ነው ጉዳዩ እንደገና የታየው። የመንግሥቱ የራሱ ባለሙያዎች ዳግም ሲመረምሩ ሊያገናኟቸው አልቻሉም፤ ሂንተን በሚያዝያ 2015፣ በእስር 30 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ተፈታ።

ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲያነሱ ስለ ዘረኝነትና ስለ ድህነት ያወራሉ፤ ልክ ናቸውም። እኔ ደግሞ ከሙያችን በኩል የማየው ሌላ ነገር አለ፤ እነዚያ አረሮች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበሩ፣ አልተለወጡም፣ አልጠፉም፤ የተለወጠው ማን እንዳያቸውና ምን ለማየት እንደተቀመጠ ብቻ ነው። ፖሊስ ተጠርጣሪውን አስቀድሞ በልቡ ይዞ ላብራቶሪ ሲሄድ፣ ባለሙያውም “ይህ የገዳዩ ሽጉጥ ነው፣ አረሩን እይልን” ተብሎ ሲሰጠው፣ ዓይኑ የሚገጥመውን ጭረት ይፈልጋል፤ የማይገጥመውን ደግሞ ዝገት ነው፣ አረሩ ተጨማድዶ ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ መርማሪ የምትሆኑ ልጆች፣ ለባለሙያው የምትልኩት ደብዳቤ ጥያቄውን ብቻ ይያዝ። ተከሳሹ አምኗል፣ ምስክሮች አይተውታል፣ የቀድሞ ጥፋተኛ ነው የሚለውን ከደብዳቤው አውጡት፤ ለማይክሮስኮፕ የሚጠቅመው አንዳች የለም።

ሳይንቲስቶቹም ዝም አላሉም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሪፖርት የመሣሪያ ንጽጽርን ጨምሮ ብዙዎቹ የፎረንሲክ ዘዴዎች የሚታመኑበት መጠን በበቂ ጥናት እንዳልተፈተነ ገለጸ፤ በ2016 የፕሬዚዳንቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ አማካሪዎች ይህንኑ አጠንክረው፣ በዚያን ጊዜ በአግባቡ የተነደፈ ጥናት ያገኙት አንድ ብቻ መሆኑን ጻፉ። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር አልተቀበላቸውም፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልበረደም። ከዚያ ወዲህ የስህተቱ መጠን ዝቅተኛ ነው የሚሉ ጥናቶች ወጥተዋል፤ እነርሱን ስትጠቅሱ ግን ባለሙያው “መወሰን አልቻልሁም” ያለበት መልስ እንዴት እንደተቆጠረ ጠይቁ፤ ውጤቱ በዚያ ላይ በእጅጉ ይወሰናል። የዲትሮይት ፖሊስ ላብራቶሪ በ2008 የተዘጋው በናሙና እንደገና ከታዩት የመሣሪያ ጉዳዮች አሥር በመቶ ያህሉ ስህተት ተገኝቶባቸው ነው፤ ይህም በደህና የተደራጀ አገር ውስጥ።

ወደ እኛ ልመለስ። የኛ ችግር ብዙ ጊዜ ማይክሮስኮፑ ጋ ከመድረሳችን በፊት ይጀምራል። አንድ ጊዜ የሟች ልብስ በፌስታል ተቋጥሮ ችሎት ሲፈታ አይቻለሁ፤ ደም የነካው ጋቢ ሳይደርቅ በፕላስቲክ ታፍኖ ሻግቶ ነበር፣ ቀዳዳው ዙሪያ ባሩድ ይኑር አይኑር የሚያሳየው ጥቁረትም ከሻጋታው ተቀላቅሎ ነበር። ያ ጥቁረት ተኩሱ ከቅርብ ነው ወይስ ከሩቅ የሚለውን ሊነግረን ይችል ነበር፤ ተከሳሹ ደግሞ የሚከራከረው ስንታገል ባረቀ ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ልብስ አየር ላይ ደርቆ በወረቀት ይጠቀለላል፣ እያንዳንዱም ለብቻው። ወጪው የወረቀት ዋጋ ነው።

ሽጉጥ ስታነሱ እስክሪብቶ በአፈሙዙ አታስገቡ፤ ፊልም ላይ የሚታየው ይህ ነገር ባለሙያው የሚፈልገውን የአፈሙዙን ውስጥ ይነካል። ካዝናውን አውጥታችሁ መሣሪያውን ደኅና ከማድረጋችሁ በፊት የነበረበትን ሁኔታ ፎቶ አንሡ፤ ጥይት ጎርሶ ነበር ወይ፣ ሪቮልቨር ከሆነ የትኛው ቀዳዳ በመርፌዋ ፊት ቆሞ ነበር የሚለውን ጻፉ። አረር ላይ ቁጥር መጻፍ ካስፈለገ መቀመጫው ላይ እንጂ ጎኑ ላይ አይሁን፤ ጭረቱ ያለው ጎኑ ላይ ነው። ቀለህ የተገኘበትን ቦታ በሜትር ለኩ፤ “ከበሩ አጠገብ” የሚል ቃል ከሁለት ዓመት በኋላ ለዳኛ ምንም አይነግረውም። የመሣሪያውን ቁጥር ከብረቱ ላይ ራሳችሁ አንብባችሁ ጻፉ፤ በ2012 ዓ.ም. ከወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወዲህ ፈቃድና ምዝገባ የክርክር ጉዳይ ስለሚሆን፣ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ በእጃችሁ ያለው መሣሪያ በወረቀት ላይ ሌላ መሣሪያ ይሆናል። ኤግዚቢቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም ሰጪው፣ ተቀባዩ፣ ቀኑና ሰዓቱ በእያንዳንዱ ርክክብ ይጻፍ፤ ማኅተሙ ተነሥቶ ከነበረ ማን፣ ለምን እንዳነሳው ይታወቅ።

ስለ ባሩድ ቅሪት አንድ ነገር ልጨምር። ከተኳሽ እጅ የሚገኘው የእርሳስ፣ የባሪየምና የአንቲሞኒ ብናኝ በመታጠብና በእጅ ሥራ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል፤ ያልተኮሰ ሰው እጅ ላይም ከያዘው ፖሊስ እጅ፣ ከመኪናው ወንበር ወይም ከካቴናው ሊጋባ ይችላል። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ በሚተኮስበት አገር፣ ከቀብር ሲመለስ የተያዘ ሰው እጅ ላይ ቅሪት መገኘቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ራሳችሁ ፍረዱ።

ዐቃብያነ ሕግ የምትሆኑ፣ ባለሙያው “ሊሆን ይችላል” ካለ እናንተም “ሊሆን ይችላል” በሉ። ማስረጃችሁ ደካማ ሆኖ ሲታያችሁ የእምነት ቃል እንዲሞላው አትመኙ፤ ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል፤ ከእምነት ቃል ተነሥቶ የተፈለገ ኤግዚቢትም ከላይ እንዳልሁት ለሚያየው ባለሙያ ዓይን የራሱን ጥላ ያሳርፍበታል።

ተከላካይ ጠበቆች ደግሞ የባለሙያውን አንድ ገጽ ውጤት ይዛችሁ ችሎት አትቁሙ። ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት እንዳለው አንቀጽ 20 ይናገራል፤ በዚያ መሠረት የማይክሮስኮፑን ፎቶግራፎች፣ የሙከራ ተኩሱን መዝገብና ባለሙያው በሥራ ላይ የያዘውን ማስታወሻ ጠይቁ፤ ውጤቱን ሌላ ባለሙያ፣ የመጀመሪያውን መልስ ሳያውቅ፣ አይቶት እንደሆነ ጠይቁ። ባለሙያው ራሱ ቀርቦ በመስቀለኛ ጥያቄ እንዲታይ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ጽሑፉ ብቻ ተነብቦ እንዲታለፍ አትስማሙ። ደንበኛችሁ ገንዘብ ከሌለው ሕጉ ምን እንደሚፈቅድለት በሥራ ላይ ያለውን ሕግ ከፍታችሁ አንብቡ፤ ካለፈው ዓመት የምታስታውሱትን አትመኑ። ማመልከቻችሁ ውድቅ ከተደረገም ጥያቄው ከነምክንያቱ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር አሳስቡ፤ ይግባኝ የሚያየው ዳኛ በእጁ የሚያገኘው መዝገቡን ነው።