ክብደት ለመቀነስ ምን ያህል ፍጥነት ተገቢ ነው?

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ስሆን ክብደቴ 92 ኪሎ ነበር። አመጋገቤን ባስተካከልኩበት የመጀመሪያ ሳምንት 3 ኪሎ ቀነስኩ፤ በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ግን የቀነስኩት አንድ ኪሎ ብቻ ነው። በሁለት ወር 20 ኪሎ መቀነስ ስለምፈልግ ምሳዬን ጭራሽ ልተወው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምሳዎን አይተዉ። በመጀመሪያው ሳምንት ከቀነሱት ውስጥ አብዛኛው ስብ ሳይሆን ውኃ ነው። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችት ይይዛል፤ ከእያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ጋር ደግሞ 3 ግራም ያህል ውኃ አብሮ ይቀመጣል። የምንመገበው ሲቀንስ ይህ ክምችት ስለሚሟጠጥ ውኃው በሽንት ይወጣል፣ ሚዛኑም በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀንሰው በአብዛኛው ስብ በመሆኑ ፍጥነቱ መርገቡ የሚጠበቅ ነው። ይህን በዝርዝር የምነግርዎ ልክ በዚህ ሰዓት ተስፋ ቆርጠው ጥረታቸውን ያቋረጡ ብዙ ታካሚዎች ስላጋጠሙኝ ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ለአብዛኛው ሰው ተስማሚ ነው፤ እርስዎም አሁን በዚሁ ፍጥነት ላይ ነዎት።

በሁለት ወር 20 ኪሎ የሚለውን ዕቅድ ግን እንዲቀይሩት አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ይህ በሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ማለት ሲሆን፣ በዚህ ፍጥነት ሲቀነስ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይጎዳል፣ የሐሞት ጠጠር የመፈጠር ዕድልም ይጨምራል። በምትኩ በ6 ወር ውስጥ ከመነሻ ክብደትዎ ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ማለትም ከ4.6 እስከ 9.2 ኪሎ ለመቀነስ ያቅዱ። ትንሽ ቢመስልም የ5 በመቶ ቅናሽ እንኳ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ለማሻሻል ይረዳል።

በየሳምንቱ በአንድ የተወሰነ ቀን፣ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑ። ጨው የበዛበት ምግብ ወይም የወር አበባ መቃረብ ሰውነት ውኃ እንዲይዝ ስለሚያደርግ፣ ከአንዱ ሳምንት ልዩነት ይልቅ የአራት ሳምንቱን አካሄድ ይመልከቱ። ክብደትዎ በቀነሰ ቁጥር ሰውነትዎ የሚያስፈልገው ጉልበትም ስለሚያንስ ከወራት በኋላ ሚዛኑ ባለበት ሊቆም ይችላል፤ ያን ጊዜ የምግቡን መጠንና እንቅስቃሴዎን እንደገና ማየት እንጂ መጾም አያስፈልግም።

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ክብደትዎ ሲቀንስ መጠኑ ሊበዛብዎ ስለሚችል፣ በራስዎ ሳያቋርጡ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።