የኑግ ዘይት መጭመቂያው የት ይተከል? ምን ያህልስ ያምርት?

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም ከተማ እህል እነግዳለሁ። የኑግ ዘይት መጭመቂያ ለመትከል አስቤ ሁለት ነገር አስጨንቆኛል። አንዳንዶች ገበያው አዲስ አበባ ስለሆነ ቃሊቲ አካባቢ መጋዘን ተከራይ ይሉኛል፤ እኔ ግን ኑጉ ያለው እዚሁ ነው ባይ ነኝ። ማሽን ሻጩ ደግሞ በሰዓት 5 ኩንታል የሚጨምቀውን እንድወስድ ይገፋፋኛል፤ የዚያን ግማሽ የሚጨምቀው አያዋጣም ይላል። በራሴ ገንዘብና በማገኘው ብድር በዓመት መሰብሰብ የምችለው ኑግ ከ6,000 ኩንታል አይበልጥም። ለሙከራ ያስጨመቅሁት 100 ኪሎ ኑግ 28 ኪሎ ዘይትና 70 ኪሎ ፋጉሎ (ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው የከብት መኖ) ሰጥቶኛል። እንዴት ልወስን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት ለሙከራ ማስጨመቅዎ የሚያስመሰግን ነው፤ መልሱም ያለው በዚያው ሙከራ ውስጥ ነው።

ጥሬ ዕቃው ሲመረት ክብደቱ በብዙ የሚቀንስ ከሆነ ፋብሪካው ወደ ጥሬ ዕቃው ይጠጋል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር በአገዳ ማሳዎች መካከል የተተከለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከ100 ኪሎ አገዳ የሚገኘው ስኳር ወደ 10 ኪሎ ብቻ ነው፣ የተቆረጠ አገዳም በዋለ ባደረ ቁጥር ስኳሩ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ገለባ ደግሞ መንገድ ሳይወጣ እዚያው በቦይለር (በእንፋሎት ማመንጫው) ውስጥ ይቃጠላል። ኑግ ግን በሁለት ነገር ይለያል። በደንብ ከደረቀ በጆንያ ሆኖ ወራት ይቆያል፤ ቀሪው ፋጉሎም ገዢ ያለው ዕቃ ነው። ስለዚህ ቦታውን ከመምረጥዎ በፊት ራስዎን ሊጠይቁት የሚገባው ፋጉሎውን የሚገዛው ማን እንደሆነና የት እንዳለ ነው፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው።

በራስዎ ቁጥር እናስላው። 100 ኩንታል ኑግ ፍኖተ ሰላም ላይ ተጨምቆ ፋጉሎው በሙሉ ለአካባቢው ከብት አድላቢዎች ቢሸጥ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚገባው 28 ኩንታል ዘይት ብቻ ይሆናል። አድላቢዎቹ የሚገዙት ሲሶውን ብቻ ከሆነና ቀሪው ለሰበታና ለሱሉልታ የወተት ከብት አርቢዎች የሚጫን ከሆነ ግን፣ 28 ኩንታል ዘይትና ወደ 47 ኩንታል ፋጉሎ፣ በድምሩ 75 ኩንታል ይጓዛል። ከ100 ኩንታሉ ከመጓጓዝ የዳነው ሩቡ ብቻ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ኑግ በጆንያ እንደ ነገሩ ተጭኖ ሲሄድ፣ ዘይት ግን ጀሪካን ይፈልጋል፣ ያንጠባጥባል፣ የመልስ ባዶ ጀሪካንም አለው።

እንዲያም ሆኖ እኔ ፍኖተ ሰላምን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ከጭነቱ ይልቅ ግዢው ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ኑጉ ከአውድማ ሲወጣ ቦታው ላይ ተገኝቶ አይቶ፣ ነፍቶና መዝኖ የሚገዛ ሰው፣ ቃሊቲ ተቀምጦ በደላላ ከሚገዛው ይልቅ ንጹሕ ኑግ ያገኛል። ዘይቱም ቢሆን በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ገዢ ስላለው ሁሉንም አዲስ አበባ ማድረስ ግድ አይደለም። ሆኖም ቦታውን ከመከራየትዎ በፊት በአቅራቢያው ያለው ትራንስፎርመር ለማሽንዎ ሞተር የሚተርፍ ኃይል እንዳለው በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ወደ ማምረት አቅሙ ስንመጣ፣ ሻጩ የነገረዎት ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ነው። በተግባር ግን መብራት ይጠፋል፣ ብሎን ይላላል፣ ማሽኑ ይጸዳል። በተለይ መብራት ድንገት ሲጠፋ ፋጉሎው በመጭመቂያው በርሜል ውስጥ እንዳለ ይደርቃል፤ መብራቱ ቢመለስም በርሜሉ ተፈቶ፣ ደረቁ ተፍቆ ካልወጣ ማሽኑ አይዞርም። ስለዚህ ከተጻፈው አቅም 75 ከመቶውን ብቻ ይያዙ። ትልቁ ማሽን በአንድ ፈረቃ በ8 ሰዓት 30 ኩንታል ይጨምቃል፤ ትንሹም በሁለት ፈረቃ በ16 ሰዓት ያንኑ 30 ኩንታል ይጨምቃል። 6,000 ኩንታልዎን በሁለቱም በ200 ቀን ይጨርሱታል ማለት ነው። ትልቁን በሁለት ፈረቃ ቢያሠሩት ግን በ100 ቀን ጨርሶ የቀረውን ዓመት ቆሞ ይውላል፣ የባንኩ ወለድ ግን አይቆምም።

እኔ ብሆን ትንሹን ገዝቼ የዋጋውን ልዩነት ኑጉ በሚረክስበት ወቅት ኑግ እገዛበት ነበር። የሌሊት ፈረቃው የሠራተኛ ወጪ እንደሚጨምር አይካድም። በመጋዘኑ ውስጥ ለሁለተኛ ትንሽ ማሽን የሚበቃ ቦታ ካስቀሩ፣ ሥራው ሲሰፋ ያንን ይጨምራሉ፤ ያን ጊዜ አንዱ ቢበላሽ እንኳ ሌላው ይሠራል።

ማጣሪያውንም አይርሱት። ትንሹ ማሽን በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ዘይት ያወጣል፤ ማጣሪያው በሰዓት 50 ኪሎ ብቻ የሚያጣራ ከሆነ የፋብሪካዎ አቅም 50 ኪሎ ነው። ውል ከመፈረምዎ በፊት የራስዎን 20 ኩንታል ኑግ ይዘው ይሂዱና ማሽኑና ማጣሪያው አንድ ላይ ሙሉ ቀን ሲሠሩ አጠገባቸው ቆመው ሰዓቱን፣ የወጣውን ዘይትና የቆሙበትን ደቂቃ ሁሉ በደብተር ይመዝግቡ።