ጥያቄና መልስ፦ የጃቫ እሳተ ገሞራዎች ተከማችተዋል ወይስ ተሰልፈዋል?

ጥያቄ፦ የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። የጃቫ ደሴትን እሳተ ገሞራዎች ዝርዝር ከስሚዝሶኒያን ተቋም የመረጃ ቋት አውርጄ፣ እያንዳንዱ ከቅርብ ጎረቤቱ ያለውን ርቀት በአራት ማዕዘን ከከለልኩት ስፋት ጋር አነጻጸርኩ። ስሌቱ «እጅግ የተከማቹ» ይለኛል፤ ካርታው ላይ ግን የተሰለፉ ናቸው። የቱን ልመን? ለአዋሽ አካባቢስ ይሠራል?
(ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ ካርታውን ይመኑ። የከለሉት ስፋት በአብዛኛው ባሕር ነው፤ ስፋቱ በጨመረ ቁጥር የሚጠበቀው ርቀት ይረዝማል፣ ውጤቱም ሁልጊዜ «ተከማችተዋል» ይሆናል። የከዚራን የመንገድ ዳር ዛፎች ለመላው ድሬዳዋ ስፋት እንደማካፈል ነው። አንዱ ፕሌት (የምድር ቅርፊት ግዙፍ ቁራጭ) ከሌላው ሥር በሚሰምጥበት ቀጠና እሳተ ገሞራዎች የሚበቅሉት በመስመር ስለሆነ፣ ልኬቱም በመስመር ይሁን።

በእሳተ ገሞራዎቹ መካከል የሚያልፍ መስመር ያስምሩ፤ ነጥቦቹን በቀጥተኛ ማዕዘን ወደ መስመሩ ያውርዱና በቅደም ተከተል በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በኪሎ ሜትር ይለኩ። በዲግሪ መለካት ጃቫ ላይ ብዙም አይጎዳም፤ በአላስካ አሌውሺያን ደሴቶች ላይ ግን በ52 ዲግሪ ኬክሮስ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 69 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚገልጽ የካርታ ሥርዓት) ከተጠቀሙ ደግሞ ጃቫ ከ48 እስከ 50 ባሉት ሦስት ዞኖች ላይ እንደምትዘረጋ አይርሱ።

ከዚያ የክፍተቶቹን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ከአማካያቸው የሚርቁበትን መጠን) ለአማካያቸው ያካፍሉ። ወደ 1 ከተጠጋ አቀማመጡ የዘፈቀደ ነው፤ በጣም ካነሰ ወጥ (ክፍተቱ እኩል የሆነ)፣ ከበለጠ የተከማቸ። ነጥቦቹ ጥቂት ስለሆኑ ግን ቁጥሩን ብቻውን አይመኑት። በዚያው መስመር ላይ ያንኑ ያህል ነጥብ 999 ጊዜ በዘፈቀደ ይጣሉና የእርስዎ ውጤት የት እንደሚወድቅ ይመልከቱ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ሜራፒና ሜርባቡ የተባሉት የጃቫ እሳተ ገሞራዎች ከመስመሩ ጋር በመስቀልኛ ስለተደረደሩ፣ ሲወርዱ ክፍተታቸው ዜሮ ሊጠጋ ይችላል፤ ውጤቱም ሐሰተኛ ክምችት ያሳያል። እንደ አንድም እንደ ሁለትም ቆጥረው ሁለቱንም ውጤት ይጻፉ። በተቃራኒው፣ የስሚዝሶኒያን መዝገብ ተቀራራቢ የፍንዳታ አፎችን በአንድ ስም ስለሚጠቀልል አጫጭር ክፍተቶች ይጠፋሉ፤ ይህ ያለምክንያት ወጥ ያስመስላል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ሁለተኛውን ነው።

የትኞቹ የዋናው ረድፍ እንደሆኑ ለመለየት፣ ሰማጩ ፕሌት ከእያንዳንዱ እሳተ ገሞራ ሥር ያለበትን ጥልቀት «ስላብ2» ከተባለው የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የሰማጭ ፕሌቶች ሞዴል ያንብቡ። የዓለም አማካይ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከፕሌቱ የሚለቀቀው ውኃ ከላዩ ያለውን ትኩስ አለት የማቅለጫ ሙቀት ዝቅ ያደርጋል። በሰሜን ጃቫ ያለው ሙሪያ ግን ከሥሩ ያለው ጥልቀት ከ200 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ከዋናው ረድፍ ይለይ። አንዲስ ላይ ከሠሩ፣ ፕሌቱ ጠፍጣፋ ሆኖ በሚሄድበት በፔሩና በማዕከላዊ ቺሊ ያለውን ባዶ ቦታ እንደ ተራ ክፍተት አይቁጠሩት፤ መስመሩን እዚያ ይቁረጡት።

ለአዋሽ የጥልቀቱ ሥራ ይቀራል፤ እዚህ ፕሌቶች ይለያያሉ እንጂ የሚሰምጥ የለም። የክፍተቱ ልኬት ይሠራል፤ ነገር ግን የፈንታሌን፣ የዶፈንንና የቦሰትን እሳተ ገሞራዎች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር አይሰቅሏቸው። የስምጥ ሸለቆው የማግማ (ቀልጦ የሚወጣ አለት) ክፍሎች ጎን ለጎን እየተዛነፉ ስለሚሄዱ እያንዳንዱን በራሱ ዘንግ ይለኩ። በአንድ ክፍል ያሉት ትልልቅ ተራሮች ለስታቲስቲክስ ስለማይበቁ፣ ትንንሾቹን የጥቀርሻ ኮረብቶች ከሳተላይት ምስል ነቅሰው ቢቆጥሩ ይሻላል።