ስፌቱ አጠገብ ለምን ይቀደዳል? ስለ ሺንፌል የቀረቡ ጥያቄዎች

ኖርዌጂያኖች «ሺንፌል» የሚሉት፣ ጠጉሩ ያልተነሣ የበግ ቆዳ ተጋጥሞ በእጅ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው። በስዊድንም አለ። አጎዛ ላይ ለተኛ ሰው ቆዳው አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር ከላይ መልበሱና ስፌቱ ነው።

ለአንድ ሰው አልጋ ስንት ቆዳ ይበቃል? የየትኛው በግ?

ትልልቅ ከሆነ 6፣ አነስ ካለ 8 ወይም 9። የኖርዌዩ ስፔልሳው ረጅም የላይ ጠጉርና ለስላሳ የውስጥ ጠጉር አለው፤ የስዊድኑ ጎትላንድ ግራጫና ጥቅልል ነው። ከዘሩ ይልቅ ውፍረቱን ይዩ። ወፍራምና ስስ ቆዳ ጎን ለጎን ከተሰፉ የሚቀደደው ስሱ ነው።

በመቀስ ስቆርጠው ጠርዙ ላይ ያለው ጠጉር አብሮ ተላጨ። ምን ላድርግ?

መቀሱን ይተዉት። የሥጋውን በኩል (ጠጉር የሌለበትን) ወደ ላይ ገልብጠው መስመሩን በእርሳስ ያስምሩ። ከዚያ ቆዳውን ከጠረጴዛው ከፍ አድርገው ይዘው ቆዳውን ብቻ በምላጭ ይሰንጥቁ፤ ጠጉሩ ሳይነካ ይለያያል። ጠረጴዛ ላይ ተጭነው ከቆረጡ ምላጩ ጠጉሩ ላይ ይደርሳል። የሆዱና የብብቱ ስስ ክፍል ይውጣ፤ መጣል ያሳዝናል፣ ግን ስፌት አይችልም። አንገቱ ወደ ራስጌ፣ ጭራው ወደ ግርጌ ይሁን፤ አንዱ ቆዳ ከተገለበጠ ጠጉሩ በተቃራኒው ይተኛና ከሩቅ ይታወቃል።

ክሬ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ቆዳው ስፌቱን ተከትሎ ተተረተረ።

ጥፋቱ የክሩ አይደለም። የቆዳ መርፌ ጫፉ ሦስት ስለት ስላለው እየወጋ ብቻ ሳይሆን እየቆረጠ ነው የሚያልፈው። ቀዳዳዎቹ ከተቀራረቡ የቴምብር ጠርዝ ሠርተዋል ማለት ነው፤ ሲሳብ በዚያው ይለያያል። በ1 ሴንቲ ሜትር 3 ስፌት፣ ከጠርዙ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይበቃል።

ሁለቱን ቆዳዎች ጠጉር ለጠጉር ያጋጥሙና በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በልብስ መቆንጠጫ ይያዙ። ይህን ያልፉ እንደሆነ የላይኛው ቆዳ እየተለጠጠ ሄዶ መጨረሻ ላይ ተርፎ ያገኙታል። በጠርዙ ብቅ ያለውን ጠጉር በጣትዎ ወደ ውስጥ ይመልሱ፤ ስፌት ውስጥ የገባ ጠጉር ጠርዞቹን ያራርቃል፣ ብርድም ያስገባል። የተልባ እግር ክሩን በሰም ይሹት፤ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይርዘም፣ በቆዳው በተመላለሰ ቁጥር ያልቃልና። መርፌውን በሁለቱም ቆዳ ቀጥ አድርገው ያሳልፉ፣ ክሩን በጠርዙ ላይ አዙረው እንደገና ያሳልፉ። ክሩ የሚሳበው ጠርዞቹ እስኪነካኩ ድረስ ነው፤ ከተሸበሸበ አጥብቀውታል። ሲጨርሱ በቋጠሮ ፈንታ 3 ወይም 4 ስፌት ወደ ኋላ ይመለሱ። ከዚያ ዘርግተው ስፌቱን በሥጋው በኩል በእንጨት ማንኪያ እጀታ ተጭነው ይሹት፤ ጉብታው ይተኛል።

የተተረተረውን በአሮጌው ቀዳዳ ላይ መልሰው አይስፉት። ከሁለቱም ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል በምላጭ አንሥተው እንደ አዲስ ይጀምሩ።

ጌጡ የሚታተመው ከስፌት በፊት ነው በኋላ?

በኋላ፤ ንድፉ ስፌቱን ተሻግሮ ይሄዳላ። በኖርዌይ ጉድብራንድስዳለን ሸለቆ የሚታወቀው ሥራ ይኸው ነው፤ በተቀረጸ እንጨት የሥጋው በኩል ይታተማል። ቀለሙን በስሱ በእንጨቱ ላይ ያዳርሱ፤ ከበዛ የተቀረጸው ሞልቶ አበባው ጉድፍ ይሆናል። መጀመሪያ በቁራጭ ቆዳ ይሞክሩ። ሲተኙ ጠጉሩ ወደ ሰውነት፣ ጌጡ ወደ ላይ።

ቢቆሽሽ ይታጠባል?

በአሉም (ቆዳ በሚለፋበት የጨው ዓይነት) የለፋ ከሆነ አይታጠብ፤ ውኃው አሉሙን ያጥበውና ቆዳው ሲደርቅ እንደ ጣውላ ይደርቃል። ቅዝቃዜ ባለበት ደረቅ ቀን ውጭ ሰቅለው ያናፍሱት፣ ያራግፉት፣ ጠጉሩን ያበጥሩት። በጋ ላይ አጥፈው ጨለማ ውስጥ ከተዉት ብል ይገባበታል፤ በየጊዜው አውጥተው ያራግፉት።