ስድስት «ፒ» የተጻፈበት ቦታ

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። ከሮማንቲክ ዘመን (በተለይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን) ሲምፎኒዎች፣ ማለትም ለኦርኬስትራ ከተጻፉት ባለብዙ ክፍል ረጃጅም ሥራዎች፣ የትኞቹን ትወዳላችሁ ብለሃል፤ ደግሞ አንድ ኦርኬስትራ አሳምሮ ተጫወተው ወይም አበላሸው የምትሉት በምን ለክታችሁ ነው ብለሃል። ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው። የቻይኮቭስኪ ስድስተኛ፣ የብራምስ አራተኛ፣ የድቮርዣክ ዘጠነኛ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። በጣም ረጃጅም ሲምፎኒ የጻፈው የብሩክነር ወዳጆች አትቆጡኝ፣ ሞክሬዋለሁ፣ ከሙዚቃው በፊት ወገቤ ይደክማል።

ጣጣው ሁለተኛው ነው። እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ ኖታ የማነበውም እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ግን ጀርመን ከመጣሁ ወዲህ ርካሽ ትኬት ባገኘሁ ቁጥር ኮንሰርት እገባለሁ። መጀመሪያ ላይ የምፈርደው በጩኸቱ ነበር። ትሮምቦንና ትራምፔቱ ደረቴን ካንቀጠቀጠው «አቤት አጨዋወት!» እያልኩ እወጣለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ለደህና ኦርኬስትራ መጮህ ምኑም አይደለም። የሚፈተነው ቀስ ሲል ነው።

የቻይኮቭስኪን ስድስተኛ ውሰድ። የመጀመሪያው ክፍል መሀል ላይ ሁሉ ነገር እየከሰመ ይሄድና ክላርኔቱ ብቻውን ይቀራል፣ የመጨረሻዎቹን አራት ኖታዎች ደግሞ ባሱን የሚባለው ባለ ወፍራም ድምፅ የትንፋሽ መሣሪያ ይቀበለዋል። እዚያ ላይ ቻይኮቭስኪ ስድስት «ፒ» ነው የጻፈው። አንዷ «ፒ» ድምፅህን ቀንስ ማለት ናት፣ ስድስቱን አንተው አስበው። ባሱን እዚያ ታች ወርዶ እንደዚያ ቀስ ማለት ስለሚከብደው ብዙ ኮንዳክተሮች (የኦርኬስትራ መሪዎች) ቦታውን ለባስ ክላርኔት ይሰጡታል። እሱን አልቃወምም። የሚያናድደኝ ያቺን ቦታ እንደ ዋዛ የሚያልፋት ነው፤ ምክንያቱም ወዲያው ኦርኬስትራው በሙሉ እንደ መብረቅ ይወርዳል፣ አዳራሹ ትንፋሹን ይዞ ካልጠበቀው ግን መብረቁ ተራ ጩኸት ሆኖ ይቀራል። አጠገቤ ያለው ሰው ደንግጦ ወንበሩ ከተንቀጫቀጨ ኮንዳክተሩ ፈተናውን አልፏል እላለሁ። የኔ ሚዛን ይቺ ናት።

ሦስተኛው ክፍል ወጥመድ ነው። ማርሽ ነው፤ እየጋለ እየጋለ ሄዶ በታላቅ ጩኸት ሲዘጋ ሰው ሲምፎኒው ያለቀ ይመስለዋል። መጀመሪያ ቀን እኔም አጨበጨብኩ፣ ከነፉጨቱ። አጠገቤ የነበሩት አሮጊት ያዩኝን አስተያየት እስከዛሬ አልረሳሁትም። ለካ ዋናው ሐዘን ገና ነው። የአራተኛውና የመጨረሻው ክፍል መክፈቻ ዜማ ደግሞ ጉድ ነው፤ ብቻውን የሚጫወተው የለም። አንደኛ ቫዮሊኖች አንድ ኖታ፣ ሁለተኛ ቫዮሊኖች ቀጣዩን፣ እየተቀባበሉ ነው ዜማው የሚሰማህ። ስለዚህ ገና ስትገባ አቀማመጣቸውን እይ። ሁለቱ ቡድኖች ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ከተቀመጡ ዜማው በመድረኩ ላይ ሲመላለስ ትሰማዋለህ።

ቻይኮቭስኪ ይህን ሲምፎኒ በጥቅምት 1893 (በፈረንጆች) ራሱ መርቶ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ይሄ ታሪክ አንዳንዱን ኮንዳክተር ያሳስተዋል፣ ሁሉን ነገር እየጎተተ ለቅሶ ቤት ያደርገዋል። ከዚያ ለመዳን ሩሲያዊው ኮንዳክተር ምራቪንስኪ ከሌኒንግራድ ፊልሃርሞኒክ ጋር በ1960 የቀዳውን ስማ። እንባ አይለምንህም፤ ያስለቅስሃል እንጂ።

በብራምስ አራተኛ ላይ የምጠብቀው ሌላ ነው። የመጨረሻው ክፍል ስምንት ባር (የምት መቁጠሪያ ክፍል) ያላት አንዲት ሐሳብ ናት፣ 30 ጊዜ መልኳን እየቀያየረች ትመጣለች። ትሮምቦኖቹ ሦስት ክፍል ሙሉ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው እዚህ ላይ ነው የሚገቡት። መሀል ላይ ፍሉት ብቻዋን ትወጣለች፣ ሰውም ኮንዳክተርም እዚያ ይፈዛል። ከፍሉቷ በኋላ ቆጠራው ከጠፋብህና ክፍሉ የተቀጣጠለ ቁርጥራጭ ከመሰለህ ተበላሽቷል። ኮንዳክተሩ ካርሎስ ክላይበር በ1980 ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀዳው ላይ ክሩ አንዴም አይበጠስም። ብዙ ሰው ያሞግሰዋል፣ እኔም ከብዙው ሰው ጋር ነኝ።

ድቮርዣክ ለኛ ጆሮ ቅርብ ነው። የሁለተኛው ክፍል ዝነኛ ዜማ፣ ኮር አንግሌ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወተው፣ መክፈቻው በአምስት ድምፅ ብቻ የተሠራ ነው፤ ድምፆቹም የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ሰውየው ኒውዮርክ ሆኖ ነው የጻፈው፣ በ1893 መጀመሪያ የተሰማውም እዚያው ነው፣ ትዝታን የት ያውቃታል! ግን መጀመሪያ ስሰማው ቤቴ የገባሁ መሰለኝ፣ እና ለዚህ ዜማ ዳኝነቴ ሙሉ በሙሉ ገለልተኛ ነው ብዬ አልምልም። እዚያ ክፍል ማለቂያ ላይ ዜማው በጥቂት ተጫዋቾች ብቻ ይመለስና እየተቆራረጠ ዝም፣ እንደገና ዝም ይላል። ዝምታውን የማይቸኩልበት ኮንዳክተር የኔ ነው። ከዚያ የሲምፎኒው የመጨረሻ ድምፅ። ከዚያ ሁሉ ግርግር በኋላ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ አንድ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ይዘው ይቆዩና ቀስ በቀስ ያጠፉታል። እኔ እስከ ጫፉ ልሰማው ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ፣ ሳይጠፋ «ብራቮ!» ብሎ የሚጮህ አንድ ሰው ግን ሁሌም አለ።