«እንቶ ፈንቶ» እና «ጥቃቅን» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችንን የወር ሪፖርት ሳዘጋጅ «ስብሰባው በእንቶ ፈንቶ ተጠናቀቀ» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊዬ «እንቶ ፈንቶ»ን ሰርዘው «ጥቃቅን ጉዳዮች» አሉት። ትርጉሙ አንድ ነው? «እንቶ ፈንቶዎች» ብሎ ማብዛትስ ይቻላል? ከ«ትርኪ ምርኪ» በምን ይለያል?

መልስ፦ አንድ አይደለም። ኃላፊዎ ቃሉን ከሪፖርት ማውጣታቸው ልክ ነው፤ የተኩት ቃል ግን እርስዎ ያላሉትን አስባለዎት።

«ጥቃቅን» መጠን ይለካል። «ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት» ስንል ማንንም አልናቅንም፤ የካፒታሉንና የሠራተኛውን ልክ ነው የተናገርነው። ጥቃቅን ነገር ትልቅ ጣጣ ሊያመጣም ይችላል፤ ውል ላይ የተዘለለች አንዲት ዜሮ ጥቃቅን ስህተት ከሚባሉት አንዷ ናት፣ ፍርድ ቤት ግን ታቆማለች። «እንቶ ፈንቶ» ግን ፍርድ ነው። ተናጋሪው ነገሩን አይቶ «ይህ ቁም ነገር አይደለም» ብሎ ጥሎታል። ስለዚህ ሦስት ሰዓት የፈጀ፣ ሃያ ሰው ያከራከረ ጉዳይ እንቶ ፈንቶ ሊባል ይችላል፤ ጥቃቅን ግን አይባልም። «ከንቱ»ንም ከዚሁ ጋር የሚቀላቅሉ አሉ። «ከንቱ» የሚያየው ውጤትን ነው። «ከንቱ ድካም» ስንል ድካሙ ትልቅ ነበር፣ ፍሬ ግን አልያዘም ማለታችን ነው።

ወደ «ትርኪ ምርኪ» ስንመጣ መለያው ግሱ ነው። እንቶ ፈንቶ ይወራል፣ ይበዛል፣ ጊዜ ይፈጃል፤ ቤቱ ንግግርና ጉዳይ ነው። ትርኪ ምርኪ ይገዛል፣ ይሰበሰባል፣ ይግበሰበሳል፤ ቤቱ ዕቃ ነው። «ገበያ ወጥቶ ትርኪ ምርኪ ሸምቶ ተመለሰ» ያምራል፣ «እንቶ ፈንቶ ሸምቶ ተመለሰ» ግን ጆሮ ይቆረቁራል። ትርኪ ምርኪ ወደ ወሬ ሲሻገር ይሰማል፤ እንቶ ፈንቶ ግን ወደ ሸቀጥ አይሻገርም። ዕቃው አርጅቶ ጓዳ የተወሸቀ ከሆነ «ቅራቅንቦ» ይሻላል፤ ቤት ሲቀየር ተጠቅልሎ የሚጫነው ደግሞ «ግሳንግስ» ነው። ለምክንያትና ለሥራ ጥራት «ተልካሻ» አለ፦ ተልካሻ ምክንያት፣ ተልካሻ ስፌት። ሰውን «እሱ እንቶ ፈንቶ ነው» ማለት አያስኬድም፤ ለሰውና ለውሎው «አልባሌ» ነው የሚባለው፣ ጠንከር ሲል «ምናምንቴ»፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የካህኑ የዔሊ ልጆች የተጠሩበት ቃል ነው።

ስለ ማብዛቱ፦ «እንቶ ፈንቶዎች» አይባልም። ምክንያቱ የቃሉ አሠራር ነው። አማርኛ ስምን ደግሞ፣ የመጀመሪያውን ፊደል ወደ «መ» ዘር ቀይሮ፣ «ይህና ይህን የመሰለ ሁሉ» የሚል ትርጉም ያወጣል፦ ዳቦ ማቦ፣ ቡና ሙና፣ ሻይ ማይ። አናባቢው እንዳለ ይቀራል፤ «ዳ» «ማ» ይሆናል፣ «ቡ» «ሙ» ይሆናል። (ቃሉ ራሱ በ«ም» ከጀመረ ዘዴው ስለማይሠራ «ምሳ ምናምን» እንላለን።) «ትርኪ ምርኪ» በቅርጹ ከእነዚህ ጋር ይሄዳል። «እንቶ ፈንቶ» በ«ፈ»፣ «አርቲ ቡርቲ» በ«ቡ» የሚመልሱ ዘመዶቻቸው ናቸው። ልዩነቱ፣ ዳቦ ያለ ማቦ ዳቦ ነው፤ እንቶ ያለ ፈንቶ ግን ምንም አይደለም። ብዛቱን ጥንዱ ራሱ ስለተሸከመው «-ዎች» ትርፍ ይሆናል፤ ግሱም በነጠላ ይሄዳል፦ «እንቶ ፈንቶው በዛ» እንጂ «በዙ» አይደለም። ብዛቱን ማጉላት ከፈለጉ «ይህን ሁሉ እንቶ ፈንቶ ምን አመጣው?» ይበሉ።

ቅጥያም ሲጨመር እንደ አንድ ቃል ነው። ከፊት የሚመጣው እንቶ ላይ፣ ከኋላ የሚመጣው ፈንቶ ላይ ይለጠፋል፦ በእንቶ ፈንቶ፣ እንቶ ፈንቶህን፣ በእንቶ ፈንቶዋ። «በእንቶ በፈንቶ» ወይም «እንቶውን ፈንቶውን» ስህተት ነው። አጻጻፉን በተመለከተ ገጥመው «እንቶፈንቶ» የሚሉም አሉ፤ እኔ ለይቶ መጻፉን እመርጣለሁ፣ ትርኪ ምርኪንና አርቲ ቡርቲንም የምንጽፈው እንዲሁ ነውና። ብቻ እንቶ በመስመር መጨረሻ፣ ፈንቶ በቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ እንዳይለያዩብዎት።

«እንትን» ከሚለውም ይለዩት። እንትን ስሙ ለጊዜው የጠፋን ወይም ስሙን መጥራት ያሳፈረን ነገር ይተካል፤ ነገሩ ራሱ ውድ ሊሆን ይችላል። «እንትኑን አቀብለኝ» ብሎ ሰው መነጽሩን ይጠይቃል።

አንድ ጥንቃቄ። ይህ ቃል የሌላን ሰው ንግግር ሲነካ ስድብ ነው፤ አንቱታም አያድነውም። «እንቶ ፈንቶውን ይተዉና ወደ ቁም ነገሩ ይምጡ» የተባለ ሽማግሌ «ይተዉ» መባሉን ሳይሆን እንቶ ፈንቶ መባሉን ነው ይዞ የሚሄደው። ወደ ራስ ሲዞር ግን ጨዋነት ይሆናል፦ «በእንቶ ፈንቶ ጊዜዎን ወሰድኩብዎት፣ ይቅርታ።» ያው ቃል፣ ባለቤቱ ሲለወጥ፣ ከንቀት ወደ ትሕትና ይዞራል።

የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ሌላም እንከን አለበት፤ ኃላፊዎ አላዩትም። «ተጠናቀቀ» ሥራው ተሟልቶ አበቃ ማለት ነው፣ ወግ ያለው የጽሑፍ ግስ ነው። እንቶ ፈንቶ ደግሞ የቡና ላይ ቃል ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ዓረፍተ ነገሩ ሳይታሰብ ሽሙጥ ይሆናል። በአፍ ሲነገር «ስብሰባው በእንቶ ፈንቶ አለቀ» ቢሉ ያምር ነበር። ለሪፖርቱ ግን «ጥቃቅን ጉዳዮች» አንባቢውን ያሳስተዋል፤ ጉዳዮቹ አጀንዳው ውስጥ የነበሩ፣ አነስተኛ ሆነው የተገኙ ያስመስላል። የሆነው እሱ ካልሆነ እንዲህ ቢጽፉት ማንንም ሳይነካ እቅጩን ይናገራል፦ «አብዛኛው የስብሰባ ጊዜ ከአጀንዳው ውጭ በሆኑ ጉዳዮች ባክኗል።» ስንት ሰዓት እንደባከነና የትኛው አጀንዳ ሳይታይ እንደቀረ ከቃለ ጉባኤው አውጥተው ከጨመሩበት፣ «እንቶ ፈንቶ» የሚለውን ፍርድ አንባቢው ራሱ ይሰጥልዎታል።