የአያትህ ፖስት ካርድ ላይ ስላለው ክብ ህንፃ

ሰላም ወንድሜ። ከአያትህ ሳጥን ያገኘኸው ፖስት ካርድ ላይ ያለው ክብ ህንፃ ምን እንደሆነና ዘመኑ እንዴት እንደሚታወቅ ጠይቀሃል። ክብ ሆኖ ፊት ለፊቱ የድንጋይ አንበሳ ካለ፣ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የድሮ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ንድፉ የፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት ነው። አጠገቡ ያለው ብሔራዊ ቴአትርም የእሱ ሥራ ነው። አንበሳውን የሠራው ሞሪስ ካልካ ነው።

ዘመኑን ለማወቅ ካርዱን ገልብጠው። የፖስታ ቤቱ ማኅተም የተላከበትን ቀን እንጂ ፎቶው የተነሳበትን አይነግርህም፤ ካርድ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ ካርዱ ላይ የታተመውን ጽሑፍ እይ። ቴአትር ቤቱን «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ካለው፣ ከአብዮቱ በፊት የታተመ ነው። ባንኩ ራሱ የተሠራው በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ነው።

እኔም አንድ አለኝ። ጥግ ላይ ሰማያዊና ነጭ ሴይቼንቶ ታክሲ ቆሟል። አስፋልቱ ጭር ብሏል። ከህንፃው ጀርባ ሰማይ ብቻ ነው። ዛሬ እዚያው በ2022 (እ.ኤ.አ.) የተመረቀው፣ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የባንኩ ሕንፃ ቆሟል። ካርዱን ይዤ እዚያው ቦታ ስቆም ሆዴ ባር ባር ይላል።

የአፍሪካ አዳራሽና የማዘጋጃ ቤቱም ካርዶች ካሉህ አትጣላቸው። ሁለቱም የጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራዎች ናቸው። እባክህ የካርዱን ጀርባም ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን።